ባዮሎጂን ከስልካችሁ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም «ባዮሎጂን በኢንተርኔት መማር የምትፈልጉ ጻፉልኝ» ብዬ ነበር። ከመጡልኝ መልእክቶች አብዛኞቹ «የድረ ገጾች ዝርዝር ላኪልን» የሚሉ ናቸው። ዝርዝር አልልክም። ደሴ ውስጥ ባዮሎጂ ሳስተምር በኖርኩባቸው ዓመታት በተማሪ ስልክ ውስጥ ያላየሁት የዝርዝር ዓይነት የለም። «ምርጥ 50 የሳይንስ ድረ ገጾች» የሚል ፒዲኤፍ ከግሩፕ ወደ ግሩፕ ይዞራል፣ ይቀመጣል፣ የሚከፍተው የለም። የሚከፍት ቢገኝም ብዙው አይሠራለትም፤ የድሮዎቹ አኒሜሽኖች አዶቤ ፍላሽ በሚባለው ሶፍትዌር የተሠሩ ስለነበሩ፣ ኩባንያው በ2020 መጨረሻ ሶፍትዌሩን ሲያቆም አብረው ቀሩ። እኔ የማደርገው፣ ጥያቄ ይዞ ለመጣ ሰው ጥያቄው የሚፈታበትን ቦታ መጠቆም ነው። ዓመተ ምሕረቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር አንብቡልኝ።

ጥያቄ፦ ቲቸር፣ እንዴት ነሽ? የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ጄኔቲክስና ዝግመተ ለውጥ አልገባኝም። ማስታወሻዬን ሸምድጄ ፈተና አልፋለሁ፤ «ናቹራል ሰሌክሽን (የተፈጥሮ ምርጫ) ምንድን ነው?» ብባል ግን በራሴ አባባል ማስረዳት አልችልም። ቪዲዮ ማየት ጀምሬ ነበር፣ የገዛሁት ጥቅል ቶሎ ቶሎ ያልቅብኛል። ዳታ የማይበላ ነገር አለ? *ከወልድያ*

መልስ፦ አለ፤ ለአንቺ ጉዳይ ደግሞ ከቪዲዮ ይሻላል። ፌት የሚባል ድረ ገጽ ነው፤ ሲሙሌሽን፣ ማለትም እየነካካሽ የምትሞክሪው ማስመሰያ፣ ያቀርባል። የሚሠራው አሜሪካ ያለው የኮሎራዶ ቦልደር ዩኒቨርሲቲ ነው፤ በ2002 የጀመረው በፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኘው ካርል ዊማን ነው። መነሻው ፊዚክስ ቢሆንም ባዮሎጂም አለው። ክፍያ የለውም፣ ተመዝገቢ አይልሽም። አንዱን ሲሙሌሽን አንዴ ካወረድሽው ከዚያ በኋላ ያለ ኢንተርኔት በብራውዘርሽ ይከፈታል።

«ናቹራል ሰሌክሽን» የሚለውን አውርጂ። አንዲት ጥንቸል ሜዳ ላይ ብቻዋን ቆማ ታገኛለሽ። ጓደኛ ጨምሪላትና ዝም ብለሽ ተመልከቺ፤ ጥንቸሎቹ ይዋለዳሉ፣ ይባዛሉ፣ መጨረሻ ላይ ዓለምን ሞልተው ጨዋታው ያበቃል። እንደገና ጀምሪ። አሁን ቡናማ ጸጉር የሚያመጣውን ሚውቴሽን (የዘረመል ለውጥ) ጨምሪ፣ ተኩላ ግን አትልቀቂ። ነጩም ቡናማውም አብሮ ይኖራል፤ ለአንዱ የሚያደላ ነገር የለም። ቀጥለሽ ተኩላዎቹን ልቀቂ። አካባቢው ሞቃቱና ቡናማው ከሆነ ነጮቹ ይበላሉ፤ በረዷማውን ስትመርጪ ቡናማዎቹ ያልቃሉ። ረጅም ጥርስና ጠንካራ ምግብ የሚሉትን ደግሞ ራስሽ ሞክሪያቸው።

ይህን የምልሽ ያለ ምክንያት አይደለም። «ጥንቸሏ ከበረዶው ጋር ለመመሳሰል ብላ ነጭ ሆነች» የሚል መልስ በየዓመቱ በቀይ እስክሪብቶ ስሰርዝ ኖሬአለሁ። ጥንቸሏ ብላ የምትሆነው ነገር የለም። ልዩነቱ አስቀድሞ በመንጋው ውስጥ ነበረ፣ ተኩላው የመረጠው ከነበረው ነው። ይህን በቃል ከምነግርሽ ተኩላ ያለበትንና የሌለበትን አንቺው ብታወዳድሪ ይገባሻል። ሚውቴሽኑ ዶሚናንት (ከአንድ ወላጅ ቢወረስም የሚታይ) ወይስ ሪሰሲቭ (ከሁለቱም ካልተወረሰ የማይታይ) ይሁን ብሎም ያስመርጥሻል። ሪሰሲቭ ካደረግሽው ቡናማ ጥንቸል ለማየት ትውልድ ትጠብቂያለሽ፤ የዘር ሐረጉን የሚያሳየውን ገጽ ከፍተሽ አሌሉ፣ ማለትም የተለወጠው የዘረመል ቅጂ፣ በማን ውስጥ ተደብቆ እንደቆየ ፈልጊ። እዚህ ላይ ጄኔቲክስና ዝግመተ ለውጥ አንድ ትምህርት ይሆናሉ፤ በመጽሐፍሽ ሁለት ምዕራፍ ስለሆኑ ነው የተለያዩ የመሰሉሽ። አንድ ግዴታ ግን አለብሽ፤ ማንኛውንም ቁልፍ ከመንካትሽ በፊት ምን እንደሚሆን ገምተሽ ደብተርሽ ላይ ጻፊ።

ለንባብ ኦፕንስታክስ ይበቃሻል። ሂውስተን ያለው ራይስ ዩኒቨርሲቲ በነጻ የሚያወጣቸው መማሪያ መጻሕፍት ናቸው። «ባዮሎጂ» የሚለው 47 ምዕራፍ ያለው ወፍራም መጽሐፍ ነው፣ አሁን ተይው። «ኮንሰፕትስ ኦቭ ባዮሎጂ» የሚለውን 21 ምዕራፍ አውርጂ፤ እንግሊዝኛውም ቀለል ይላል። ካን አካዳሚ የሚባለውን ነጻ የትምህርት ድረ ገጽም አትጣይው፤ ቪዲዮውን ትተሽ ልምምድ ጥያቄዎቹን ሥሪ፣ እነሱ ብዙ ዳታ አይፈልጉም።

ጥያቄ፦ መምህርት ሆይ፣ ሐዋሳ ሐይቅ ላይ ጀልባ እነዳለሁ። እንግዶች ወፍ እያሳዩ ስሙን ይጠይቁኛል። አባ ኮዳን አላጣውም። አንድ ጥቁርና ነጭ ወፍ ግን አለ፤ ውኃው ላይ እንደ ሄሊኮፕተር አየር ላይ ቆሞ ይቆይና በአፍጢሙ ይወርዳል። እንዲህ ያለውን በስልክ የምለይበት መንገድ ካለ? *ከሐዋሳ*

መልስ፦ የጠቀስከውን እኔው ልንገርህ፤ ፓይድ ኪንግፊሸር ነው፣ የሳይንስ ስሙ ሴሪል ሩዲስ። በሚቀጥለው ጊዜ ደረቱን እይ። ጥቁር መቀነት ሁለት ከሆነ ወንዱ ነው፤ አንድ፣ እሱም መሐሉ ላይ የተቋረጠ ከሆነ ሴቷ ናት። እንግዳህ ይህን ከሰማ ጉርሻው ሳይጨምር አይቀርም።

ለሌሎቹ ሜርሊን የሚባለውን መተግበሪያ አውርድ። ያዘጋጀው አሜሪካ ያለው የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የአእዋፍ ጥናት ማዕከል ነው። ለአገራችን የሚሆነውን የወፍ ጥቅል ዋይፋይ ባለበት አስቀድመህ ጫነው፤ ሐይቁ መሐል ኔትወርክ ቢጠፋም ይሠራል። የት ሆነህ፣ መቼ፣ ምን ያህል የሚያክል፣ ምን ዓይነት ቀለም ያለው፣ ምን ሲያደርግ እንዳየኸው ይጠይቅህና እጩዎቹን ከነፎቶአቸው ያቀርብልሃል። ፎቶ ካነሳህም ከፎቶው ይገምታል። ግምት መሆኑን ግን አትርሳ። የሚያቀርብልህ ወፍ በእኛ አገር የሚገኝ መሆኑን ሥርጭቱን ከሚያሳየው ካርታ ሳታይ ለእንግዳ አትናገር።

ያየኸውን የምትመዘግብበት ኢበርድ የሚባል አለ፤ የዚያው የኮርኔል ማዕከል ነው፣ ከ2002 ጀምሮ ይሠራል። አገራችን ከ800 በላይ የወፍ ዝርያ አላት፤ ያለ ማቋረጥ ዓመቱን ሙሉ አንድ ሐይቅ ላይ የሚውል ታዛቢ ግን ብዙ የለም። ቱሪስቱ ሁለት ቀን አይቶ ይሄዳል፣ አንተ ክረምት ከበጋ እዚያው ነህ። የትኛው ወፍ በየትኛው ወር እንደሚመጣና እንደሚሄድ የአንተ መዝገብ ከማንም የተሻለ ይናገራል። ወፍ ብቻ ሳይሆን ቢራቢሮም፣ ዓሣም፣ አበባም ከሆነ የሚማርክህ አይናቹራሊስት ይስማማሃል። ፎቶህን ትሰቅላለህ፣ ከየአገሩ የሚያውቁ ሰዎች ስሙን ይሰጡሃል፣ ሲስማሙበት ወደ ዓለም አቀፉ የብዝኃ ሕይወት መረጃ ቋት፣ ወደ ጂቢፍ ይገባል፤ ተመራማሪዎች የሚጠቀሙት እሱን ነው። ሊጠፉ የተቃረቡ እንስሳትን ትክክለኛ ቦታ ይደብቃል፣ ስለዚህ አዳኝ ይከተለዋል ብለህ አትስጋ።

ጥያቄ፦ ውድ የሙያ ባልደረባዬ፣ ገጠር ውስጥ 9ኛና 10ኛ ክፍል ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ቤተ ሙከራ አለን ለማለት ያህል ነው። ማይክሮስኮፕ አንድ፣ እሱም ሌንሱ የተበላሸ። ኢንተርኔት የሚገኘው ወደ ከተማ ስወጣ ነው። የራሴ ላፕቶፕ አለኝ። ምን ላድርግ? *ከደቡብ ወሎ*

መልስ፦ ላፕቶፑ ካለ ግማሹ መንገድ ተሄዷል። ሁለት ነገር ይጫኑበት፤ ሁለቱም ነጻ ናቸው።

አንደኛው ኮሊብሪ ነው። የተሠራው ኢንተርኔት ለሌላቸው ትምህርት ቤቶች ነው። ከተማ ሲወጡ የካን አካዳሚን የባዮሎጂ ትምህርቶች፣ ሲኬ 12 የሚባለውን መማሪያና የፌትን ሲሙሌሽኖች በኮሊብሪ አማካይነት ያወርዳሉ። ትምህርት ቤት ሲመለሱ ላፕቶፑ ሆትስፖት ይሆናል፤ ተማሪዎቹ በስልካቸው ገብተው ያያሉ፣ ምንም ዳታ አይቆርጥባቸውም። ማን ምን እንደሠራም ለመምህሩ ያሳያል። ሁለተኛው ኪዊክስ ነው። ዊኪፔዲያን ጨምቆ በፋይል የሚያስቀምጥ ነው። የእንግሊዝኛው ሙሉው ከነሥዕሉ ወደ 100 ጊጋባይት ይጠጋል፣ እሱን አይሞክሩት። የሕክምናው ለብቻው፣ የሞለኪውልና የሕዋስ ባዮሎጂው ለብቻው ተከፍለው የተዘጋጁ አሉ፤ እነሱ በፍላሽ ይያዛሉ።

ማይክሮስኮፕን የሚተካ የለም፣ ያንን እንተማመን። ተማሪ የሽንኩርት ልጣጭ ሕዋስ በዓይኑ ካላየ አላየም። ቢሆንም «ትንሽ» ማለት ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ለማሳየት የዩታ ዩኒቨርሲቲ «ለርን ጄኔቲክስ» የሚባለው ገጽ ላይ ያለውን የሕዋስ መጠን ማሳያ እወደዋለሁ። የሚጀምረው በቡና ፍሬ ነው። ከቡናው ፍሬ ወደ ሩዝ፣ ወደ ሰሊጥ፣ እያለ ወደ ቀይ የደም ሕዋስ፣ ወደ ባክቴሪያ፣ ወደ ቫይረስ ወርዶ በካርቦን አተም ያበቃል። የእኛ ልጆች ቡናና ሰሊጥ ምን ያህል እንደሆኑ መጽሐፍ አይጠይቁም። እዚያው ገጽ ላይ ዲኤንኤ የሚወጣበትና በጄል ላይ የሚለይበት ምናባዊ ቤተ ሙከራም አለ፤ ኢንተርኔት ባገኙ ጊዜ ራስዎ ሠርተው ደረጃ በደረጃ በስክሪን ሹት ቢያስቀሩት ለክፍል ይሆናል።

ከሁሉ በላይ የምመክርዎት ግን አንድ አጭር ፊልም ነው። ሃዋርድ ሂዩዝ የሕክምና ተቋም ባዮኢንተራክቲቭ በሚባለው ገጹ ላይ ለመምህራን በነጻ ካስቀመጣቸው አንዱ ነው፤ ከሩብ ሰዓት አይበልጥም፣ ከነመምህሩ መመሪያና የተማሪ መልመጃው ይወርዳል። ታሪኩ ጎረቤታችን ኬንያ ነው። ኬንያ ውስጥ ያደገው ቶኒ አሊሰን በ1949 የሕዝቡን ደም እየሰበሰበ ሲመረምር፣ ሲክል ሴል የሚባለውን የቀይ ደም ሕዋስ በሽታ የሚያመጣው ዘረመል በባሕሩ ዳርቻና በቪክቶሪያ ሐይቅ ዙሪያ ከመቶ ሃያ በላይ ሰው ውስጥ አገኘው፤ በደጋው ግን ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። ለምን? ከሁለቱም ወላጆች የወረሰው ልጅ በጽኑ ይታመማል፤ ከአንዱ ብቻ የወረሰው ግን ወባ ሲይዘው ለሞት የሚዳርገው ዕድል ይቀንሳል። ወባ ባለበት አገር ዘረመሉ ይጠቅማል፣ በደጋ ግን ጉዳት ብቻ ነው። አሊሰን ይህን በ1954 አሳተመው።

ፊልሙን ካሳዩ በኋላ የወረዳችሁን ካርታ ያውጡና ወባ የት ድረስ እንደሚወጣ ተማሪዎቹን ይጠይቁ። ቆላ ዘመድ የሌለው ልጅ የለም፤ ንዳድ ከየት ወዲያ እንደሚጀምር ከመጽሐፍ በፊት ከአያቱ ሰምቷል። አገራችን ውስጥ ወባ በብዛት የሚታየው ከባሕር ወለል በላይ ከ2000 ሜትር በታች ነው። ከዚህ በኋላ ቦርዱ ላይ ኤስና ኤ (የሲክል ሴሉንና የጤነኛውን ዘረመል ምልክቶች) ጽፈው ክሮስ ሲያደርጉ ተማሪው ስለ ሰው እንደሚሠራ ያውቃል። እኔ የአተሩን አበባ ከዚህ በኋላ ነበር የማስተምረው፤ የዘር ውርስን በአተር ያጠናው ሜንዴል ይቅር ይበለኝ።

ጥያቄ፦ የማስተርስ ተማሪ ነኝ፣ የመመረቂያ ጥናቴ እንዶድ ላይ ነው። የማገኛቸው የምርምር ጽሑፎች ግማሾቹ በዶላር ክፈል ይሉኛል። ሌላው ደግሞ «ጽሑፍህን በአንድ ሳምንት ውስጥ እናትምልሃለን» የሚል ኢሜይል ይጎርፍልኛል። ምን ትመክሪኛለሽ? *ከሐረማያ*

መልስ፦ እንዶድን ስለመረጥክ ደስ ብሎኛል፣ ስለዚህ መልሴ ቢረዝም አትቀየመኝ።

ታሪኩን ታውቀዋለህ። በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ ሴቶች ወንዝ ወርደው በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ያሉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው አየ። ብልሃርዝያን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ናቸው። ከዚያች ወንዝ ዳር የተነሳው ምርምር እሱንና የሥራ ባልደረባውን ለገሠ ወልደ ዮሐንስን በ1989 ለራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት አበቃቸው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመሠረተው የፓቶባዮሎጂ ተቋምም ዛሬ በስሙ ይጠራል።

አሁን ወደ ፍለጋው። ፐብሜድን ክፈት። የአሜሪካ ብሔራዊ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት ነው የሚያስተዳድረው፤ ከ37 ሚሊዮን በላይ የምርምር ጽሑፎች ተመዝግበውበታል። «እንዶድ» ብለህ በላቲን ፊደል ብትጽፍ ጥቂት ያመጣልሃል። ፊቶላካ ዶዴካንድራ የሚለውን የሳይንስ ስሙን ጻፍ፤ ብዛቱን አይተህ «ስኪስቶሶሚያሲስ» የሚለውን የብልሃርዝያ የሳይንስ ስም ጨምርበት። በስተግራ ካሉት ማጣሪያዎች መጀመሪያ «ሪቪው» የሚለውን ምረጥ። የብዙ ጥናቶችን ውጤት አጠቃሎ የጻፈ አንድ ጽሑፍ ካገኘህ የማጣቀሻ ዝርዝሩ ካርታህ ነው። ቀጥሎ የ«ሪቪው»ን ምልክት አንሳና «ፍሪ ፉል ቴክስት» የሚለውን ምረጥ፤ ሙሉው በነጻ የሚነበበው ብቻ ይቀርልሃል። ጥሩ ጽሑፍ ባገኘህ ቁጥር ደግሞ «ሳይትድ ባይ» የሚለውን ንካ፤ ከእሱ በኋላ የመጡትን ያሳይሃል። ሰው ወደ ኋላ ማየቱን ያውቃል፣ ወደ ፊት ማየቱን ግን ይረሳል።

ያገኘኸው ጽሑፍ ክፈል ሲልህ ወዲያው አትዝጋው። አንፔይዎል የሚባል የብራውዘር ተጨማሪ አለ፤ ጫነው። የጽሑፉ ነጻ ቅጂ ሌላ ቦታ በሕጋዊ መንገድ ካለ አረንጓዴ ምልክት ያወጣልሃል። ከዚያ ጉግል ስኮላር ላይ ርዕሱን ለጥፈህ ከሥሩ ሌሎቹን ቅጂዎች የሚያሳየውን ተመልከት። ይህም ካልሆነ ዩኒቨርሲቲህ ቤተ መጻሕፍት ሂድና ስለ ሂናሪና አጎራ ጠይቅ። ሂናሪ የዓለም ጤና ድርጅት በ2002 ያስጀመረው፣ አጎራ ደግሞ የምግብና እርሻ ድርጅት ያስከተለው ነው፤ እንደኛ ላሉ አገሮች ተቋማት የውድ ጆርናሎችን በር ይከፍታሉ። የይለፍ ቃሉ የሚሰጠው ለተቋም ነው፣ ለግለሰብ አይሰጥም። የቤተ መጻሕፍት ባለሙያውን ወዳጅ አድርግ። የመጨረሻው መንገድ ለጸሐፊው ኢሜይል መላክ ነው፤ ሦስት መስመር ይበቃል። አብዛኛው ተመራማሪ ሥራው ሲፈለግለት ደስ ይለዋል፣ ከጆርናሉ ሽያጭም የሚደርሰው ሳንቲም የለም።

ፐብሜድ ላይ የሌለ ነገር ሁሉ አልተጠናም ማለት አይደለም። የአገር ቤት ጆርናሎችን አፍሪካን ጆርናልስ ኦንላይን ላይ ፈልግ፤ «ሲኔት» የሚባለው የኢትዮጵያ የሳይንስ ጆርናል እዚያ አለ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፎች ማከማቻም በኢንተርኔት ክፍት ነው፤ አንተ ልትሠራው ያሰብከውን ሌላ ተማሪ አስቀድሞ ሠርቶት እንደሆነ ማወቅ የምትችለው ከዚያ ነው። ለተክሉ ስያሜና ሥርጭት የለንደኑ ኪው የዕፅዋት ማዕከል ያዘጋጀው «ፕላንትስ ኦቭ ዘ ወርልድ ኦንላይን» አለ፤ የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋትን የሚዘረዝሩት ስምንቱ ቅጾች ግን በወረቀት ናቸውና ቤተ መጻሕፍት ገብተህ ግለጣቸው። ፍለጋህ ውስጥ ኢ 44 የሚለውንም አስገባ። ከተለያዩ የእንዶድ ዓይነቶች ተመርጦ ብዙ የተሠራበት እሱ ነው፣ ብዙ የመስክ ሙከራዎች የሚገኙት በዚያ ስም ነው። ከብልሃርዝያ ውጭም ተመልከት፤ አሜሪካ ውስጥ የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የውኃ ቱቦ የሚዘጋውን ዜብራ መስል የሚባል ዛጎል ለበስ እንስሳ በእንዶድ ለመግደል ሞክረዋል።

ስለ ኢሜይሎቹ፦ ደምስሳቸው። ጽሑፍን በወጉ ገምግሞ በሳምንት የሚያሳትም ጆርናል አላውቅም። አንድን ጆርናል ከተጠራጠርክ ዶአጅ በሚባለው የክፍት ጆርናሎች ማውጫ ውስጥ መኖሩን እይ፣ ከአርታኢዎቹ አንዱን መርጠህ በሚሠራበት ዩኒቨርሲቲ ገጽ ላይ ስሙን ፈልግ። አማካሪህ የማያውቀው ጆርናል ከሆነ ገንዘብ ከመላክህ በፊት አሳየው።

ጥያቄ፦ እህቴ፣ እዚህ ከመጣሁ ቆየሁ። ልጄ 9ኛ ክፍል ነው፣ ባዮሎጂ ይዞ እየመጣ ይጠይቀኛል። እኔ የተማርኩት በደርግ ጊዜ ነው፣ ብዙው ተረስቶኛል። በአማርኛ የተዘጋጀ ነገር የት አገኛለሁ? *ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ*

መልስ፦ እህቴ፣ በአማርኛ ጥቂት ነው፤ አለ ብዬ አላንከራትትዎትም። አማርኛው ዊኪፔዲያ ላይ ያሉት የባዮሎጂ ጽሑፎች አጫጭር ናቸው። ጥሩ ሆኖ ያገኘሁት ሜድላይንፕላስ የሚባለው የጤና መረጃ ገጽ ነው፤ በተለያዩ ቋንቋዎች ካስቀመጣቸው መካከል የአማርኛ ጽሑፎችም አሉበት። ስለ በሽታና ስለ ክትባት ነው እንጂ የትምህርት ቤት ባዮሎጂ አይደለም። የሚያዘጋጀውም ያው ከላይ የጠቀስኩት የአሜሪካ ብሔራዊ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት ነው፤ ያለው ቤተዝዳ፣ እርስዎ ሠፈር አጠገብ ነው።

በደርግ ጊዜ የተማሩት አልረከሰም። ሕዋሱም፣ ፎቶሲንተሲሱም፣ ሜንዴልም እንዳሉ ናቸው። የተጨመረው ዲኤንኤን የማንበብና የመለወጥ ችሎታ ነው። ዲኤንኤን የሚያባዛው ፒሲአር የተፈለሰፈው በ1983 ነው፤ የሰው ጂኖም ፕሮጀክት የተጠናቀቀው በ2003፤ ክሪስፐር ዘረመልን ለመቁረጫነት እንደሚያገለግል የታየው በ2012። ልጅዎ የሚያመጣልዎት እንግዳ ቃል ከእነዚህ ከሦስቱ የአንዱ ዘመድ ነው።

እንግሊዝኛው ካላስቸገረዎት አሚባ ሲስተርስ የሚባሉትን የሁለት እህትማማቾች ቪዲዮዎች አብራችሁ እዩ። አጫጭር ናቸው፣ በካርቱን ነው የሚያስረዱት፤ ጽሑፉን ከሥር አብሩና ፍጥነቱን ቀንሱት። ካያችሁ በኋላ ልጁ በአማርኛ ይንገርዎት። በሁለት ቋንቋ ማስረዳት የቻለ ልጅ ገብቶታል፤ አማርኛውም በዚያው ይጠበቃል። ለእርስዎ ለራስዎ ደግሞ የፕሮቲን ዳታ ባንክ ለተማሪዎች ያዘጋጀውን ገጽ ልጠቁምዎት። ዴቪድ ጉድሴል የሚባል ሳይንቲስትና ሠዓሊ ከጥር 2000 ጀምሮ ለብዙ ዓመታት ወር በወር አንድ ሞለኪውል እየመረጠ ሲጽፍበትና ሲስልበት የኖረ ነው። ኢንሱሊንን ወይም ሄሞግሎቢንን ከፍተው ይዩ፤ እነዚያን ሥዕሎች እኔ አትሜ ክፍሌ ግድግዳ ላይ ለጥፌአቸው ነበር።

ቅዳሜ ደግሞ ዋሽንግተን ውረዱ። የስሚዝሶንያን የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም መግቢያ አያስከፍልም፣ የሰው ዘር አመጣጥ አዳራሽ አለው። በ1974 ሐዳር ላይ ስለተገኘችው ስለ ድንቅነሽ እዚያ ታገኛላችሁ፤ እውነተኛው አጽሟ ያለው አዲስ አበባ ብሔራዊ ሙዚየም መሆኑን ለልጅዎ እርስዎ ይንገሩት። የአዳራሹ ድረ ገጽም የቅሪተ አካሎችን ባለ ሦስት ገጽታ ምስል አስቀምጧል፤ ቤት ሆናችሁ እያገላበጣችሁ ታያላችሁ።

ጥያቄ፦ ይህ ሁሉ ምን ያደርጋል? ቻትጂፒቲን መጠየቅ አይበቃም? *ከመቀሌ*

መልስ፦ ያልገባህን አንቀጽ በቀላል ቃል እንዲያስረዳህ፣ የፈተና ጥያቄ እንዲያወጣልህ ጠይቀው፤ ይረዳል። «ይህን የጻፈው ማነው?» ስትለው የሚሰጥህን ማጣቀሻ ግን ፐብሜድ ላይ ሳትፈልግ አትመን፤ የሌለ ጽሑፍ ከነጆርናሉ፣ ከነገጹ ፈጥሮ ይሰጣል። የመድኃኒት መጠን ከእሱ አትውሰድ።

ጥያቄ፦ ቲቸርዬ፣ ጅዳ ቤት ሠራተኛ ነኝ። 12ኛ ክፍል ናቹራል ሳይንስ ጨርሻለሁ። ሥራ ካለቀ በኋላ ማታ ትንሽ ጊዜ አለኝ፣ ዋይፋይም አለ። አገሬ ስመለስ ነርሲንግ መማር እፈልጋለሁ። ሰርተፍኬት የሚሰጥ የት ልማር? *ከጅዳ*

መልስ፦ ሰርተፍኬቱን እርሺው። ኮርሴራና ኢዴክስ በሚባሉት የኢንተርኔት ኮርስ ድረ ገጾች ላይ ወረቀቱ የሚሰጠው ብዙውን ጊዜ በክፍያ ነው፤ ያ ወረቀት ደግሞ ነርስ አያደርግሽም፣ ኮሌጅ መግቢያም አይሆንሽም። ገንዘብሽን ለኮሌጁ አስቀምጪ።

እውቀቱ ግን በነጻ ነው። ለወልድያዋ ተማሪ ከነገርኳት ከኦፕንስታክስ «አናቶሚ ኤንድ ፊዚዮሎጂ» የሚለውን አውርጂ። 28 ምዕራፍ ነው። ነርሲንግ ኮሌጅ መጀመሪያ የሚያስጨንቁሽ በዚህ ትምህርት ነው፣ አንቺ ቀድመሽ ትገቢያለሽ። ከመጀመሪያው ምዕራፍ መነሳት የለብሽም፤ አሰልቺ ነው። 18ኛው ደም፣ 19ኛው ልብ፣ 20ኛው የደም ሥሮች ናቸው፤ በእነዚህ በሦስቱ ጀምሪ፣ ከሰው ልጅ አካል የምታውቂው የሚበዛው እዚያ ነውና አትፈሪውም። ያልገባሽን ቦታ በካን አካዳሚ የጤናና ሕክምና ቪዲዮዎች ተመልከቺ። ድካም ባለበት ማታ ቪዲዮ ብቻ ካየሽ እንቅልፍ ይወስድሻል፤ ወረቀትና እርሳስ ያዢ።

ልብን ሳትመለከቺ ስትስዪ፣ አራቱን ክፍሎችና ቫልቮቹን ጻፊባቸው፣ ደሙ የሚሄድበትን አቅጣጫ በቀስት አሳዪ። ፎቶ አንስተሽ በመጽሔቱ ቴሌግራም ላኪልኝ፣ አርሜ እመልስልሻለሁ። ሚትራልና ትራይከስፒድ የሚባሉትን ቫልቮች ቦታቸውን እንዳታለዋውጪ፤ ሁሉም ተማሪ የሚስተው እዚያ ላይ ነው።